ያውቁ ኖሯል? ባሕር በባልዲ ይሸጣል!

ቂርያት ማላኪ ውስጥ ከቧንቧዎ የሚቀዱት ውሃ በቅርቡ የሜዲትራኒያን ባሕር የነበረ ሊሆን እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? በአሽቀሎን፣ በአሽዶድ፣ በፓልማሂም፣ በሶረክና በሃዴራ የተተከሉት ግዙፍ ፋብሪካዎች ጨውን ከባሕር እየለዩ የሚጠጣ ውሃ ያወጣሉ። ሻይዎን የሚያፈሉት በባሕር ነው!

በቤቱ ኮራል የሚያሳድግ ሰው ደግሞ ያንኑ ውሃ ቀድቶ፣ እንደገና አጣርቶ፣ ጨው ጨምሮበት መልሶ ባሕር ያደርገዋል! ሚሊዮኖች የፈሰሱበት ፋብሪካ ያወጣውን ጨው እሱ በባልዲ ገዝቶ ይመልሰዋል።

የባሕርን ጨው በግፊት የሚለየውን የመጀመሪያውን ሁነኛ ሜምብሬን የሠሩት ሲድኒ ሎብና ስሪኒቫሳ ሱሪራጃን ናቸው። የት? ሎስ አንጀለስ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ! በ1951 በድንኳን ሰፈር የተመሠረተችው ቂርያት ማላኪስ ስሟን ያገኘችው ከማን ነው? ለግንባታዋ ገንዘብ ካዋጡት የሎስ አንጀለስ አይሁዳውያን! (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ ዘዴ ለሕዝብ ውሃ በማቅረብ ቀዳሚ የሆነችው በ1965 ኮሊንጋ የምትባል ትንሽ የካሊፎርኒያ ከተማ ነበረች። ሎብ ከዚያ በኋላ ወደ እስራኤል መጥተው በቤር ሼቫ በቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ2005 የአሽቀሎኑ ፋብሪካ ሲከፈት በዓይነቱ የዓለም ትልቁ ነበር። ከያቭኔ ብዙም የማይርቀው ሶረክ በ2013 በለጠው፤ በቀን 624,000 ሜትር ኩብ ያመርታል!

ዛሬ የኮራል ወዳጆች ወጥ ቤታቸው ውስጥ ከመታጠቢያው ሥር የሚሰቅሉት ትንሽ ማጣሪያ በዚያው ዘዴ የሚሠራ ነው! አንዱ ከተማ ያጠጣል፣ ሌላው ገንዳ ይሞላል።

ቲማቲም የባሕር ጨው ሊናፍቅ እንደሚችልስ ያውቁ ኖሯል? ከባሕር በተጣራው ውሃ የለሙ ሰብሎች ቅጠላቸው ገርጥቶ ታየ። ምክንያቱ ማግኒዥየም ነበር፤ ፋብሪካው ከጨው ጋር አብሮ አውጥቶታል! በሌላ በኩል ቦሮን የተባለው ንጥረ ነገር ሜምብሬኑን እየሾለከ ያልፍና ተክል ይጎዳል። ሁለቱም በኮራል ገንዳ ውስጥ ያለ ችግር የሚኖሩ የባሕር ልጆች ናቸው።

ለዓሣ መድኃኒት የሆነው መዳብ ለኮራል መርዝ ነው! ዓሣ የያዘውን ጥገኛ ተሕዋስ ለማጥፋት ይታዘዛል፤ ኮራል ገንዳ ውስጥ ከጨመሩት ግን ሽሪምፑም ቀንድ አውጣውም ኮራሉም ያልቃሉ። ከአሮጌ ቧንቧ የሚሟሟ መዳብም ያስፈራል። ለዚህ ነው ጠንቃቆቹ ጨው ከመጨመራቸው በፊት ውሃው በውስጡ የሟሙ ነገሮችን በሚለካ መሣሪያ ላይ ዜሮ እስኪያሳይ ድረስ የሚያጣሩት።

አንድ ኪሎ የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። ከባልዲው ግን ለአንድ ሊትር 38 ግራም ገደማ ይመዝናሉ! ልዩነቱ የት ገባ? ደረቅ የሚመስለው ጨው ክሪስታሉ ውስጥ ውሃ ይዟል። ውሃ በኪሎ ገዝተዋል ማለት ነው!

200 ሊትር ለሚይዝ ገንዳ 7 ኪሎ ተኩል የሚያህል ጨው ያስፈልጋል! በሳምንት አንድ አሥረኛውን ውሃ ለሚቀይር ሰው ደግሞ በየሳምንቱ ሦስት ሩብ ኪሎ። በዓመት ሲደመር ከብዙ አባወራ የዓመት የወጥ ጨው በላይ ነው!

ከዚያ 35 ግራም ውስጥ 19ኙ ክሎራይድ ነው። ሶዲየም ወደ 11፣ ሰልፌት 2.7፣ ማግኒዥየም 1.3፣ ካልሲየምና ፖታሲየም እያንዳንዳቸው 0.4 ግራም ገደማ። ስድስቱ ብቻ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙን ይሸፍናሉ! በቀረችው አንዷ ውስጥ ግን የቀረው ዓለም ሁሉ አለ።

የወጥ ጨው ውሃ ውስጥ ቢሟሟ ባሕር አይሆንም! ቃሪያው ብቻውን ተወቅጦ በርበሬ እንደማይሆነው ነው፤ ኮረሪማው፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው መግባት አለበት።

ለምን እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ባሕር ሲደርቅ ጨዎቹ በተራ ነው የሚወጡት! መጀመሪያ የኖራ ድንጋይ ይወርዳል። ከዚያ ጂፕሰም። ውሃው አንድ አሥረኛ ያህል ሲቀር የወጥ ጨው ይረጋል። ፖታሲየምና ማግኒዥየም እስከ መጨረሻው ፈሳሹ ውስጥ ይቆያሉ። ገበታዎ ላይ ያለው ጨው የመካከለኛው ተረኛ ብቻ ነው!

ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የተባለ እንግሊዛዊ በ1854 ለባሕር እንስሳት የሚሆን ሰው ሠራሽ ባሕር በአራት ጨዎች ብቻ ቀመመ! የወጥ ጨው፣ የኤፕሰም ጨው፣ ማግኒዥየም ክሎራይድ፣ ፖታሲየም ክሎራይድ። ካልሲየም የለበትም! የዛሬ ኮራል በዚያ ውሃ አጥንቱን መሥራት ባልቻለ ነበር።

በዓለም ላይ የሚገኝ ክፍት ባሕር ሁሉ አንድ ዓይነት ቅመም አለው! ጨዋማነቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ የዋናዎቹ ጨዎች መጠን አንዱ ከሌላው ጋር ሲነጻጸር ግን አይለዋወጥም ማለት ይቻላል። አሌክሳንደር ማርሴ በ1819 ጠቆመው። ቻሌንጀር የተባለችው መርከብ ከዓለም ዙሪያ ያመጣቻቸውን 77 ናሙናዎች የመረመረው ዲትማር በ1884 አረጋገጠው። የባልዲው ጨው ኢንዱስትሪ ሁሉ የቆመው በዚህ አንድ እውነት ላይ ነው!

ባሕር ውስጥ ወርቅ አለ! የኖቤል ተሸላሚው ኬሚስት ፍሪትዝ ሃበር የጀርመንን የጦርነት ካሳ በባሕር ወርቅ ልክፈል ብሎ በ1920ዎቹ ዓመታት ደከመ። ወርቁ ከጠበቀው እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘና ተወው።

ሙት ባሕር እንደ ሌላው ባሕር አይደለም! በውስጡ ከሶዲየም ይልቅ ማግኒዥየም ይበዛል። ጨዋማነቱም የውቅያኖስን አሥር እጥፍ ያህል ነው። በዚያ ውሃ ኮራል አይበቅልም፤ ዓሣም አይኖርበትም። ሆኖም ከዓለም ታላላቅ የብሮሚን ምንጮች አንዱ ነው!

አሁን ወደ አገር ቤት እንሂድ፤ ጉዱ ያለው እዚያ ነውና! በምድር ላይ ከተለኩት ኩሬዎች ሁሉ ጨዋማው የት እንዳለ ያውቁ ኖሯል? ሙት ባሕር አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በዳናኪል፣ ከዳሎል አጠገብ ነው! ጋኤታሌ የተባለችው ትንሽ ኩሬ ከመቶ 43 እጁ ጨው ነው። የወጥ ጨው ግን አይደለም፤ በአብዛኛው ካልሲየም ክሎራይድና ማግኒዥየም ክሎራይድ ነው። የኮራል ወዳጆች በጠርሙስ ገዝተው በጠብታ የሚጨምሯቸው ሁለቱ ጨዎች እዚያ ኩሬ ሞልተው ተኝተዋል!

ባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያ ኮራል አላት! ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን ወደ ዳናኪል ዝቅተኛ ምድር ይገባ ነበር። ከመቶ ሺህ ዓመታት በፊት የበቀሉ የኮራል ሪፎች ዛሬም በዳናኪል ጠርዝ በፀሐይ ደርቀው ቆመዋል። ከባሕር ወለል በታች ባለ በረሃ ላይ በእግርዎ እየሄዱ ኮራል ይረግጣሉ!

ባሕሩ ሲቋረጥና ሲደርቅ የተወው ጨው ውፍረቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ይበልጣል! አፋሮች እየፈለጡ፣ ግመሎች እየጫኑ ለዘመናት ወደ ደጋው ያወጡት አሞሌ የደረቀ ቀይ ባሕር ነው። ያ የደረቀ ባሕር ገንዘብም ነበር! በ1520ዎቹ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሰው በጨው ሲገበያይ አይቶ ጽፏል። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ድረስ አሞሌ ከብር ጎን ይሠራ ነበር።

የዳሎል ሥር ደግሞ ፖታሽ የሚባለው የፖታሲየም ጨው ነው፤ ባሕር ሲደርቅ መጨረሻ ላይ የሚወጣው ተረኛ! ጣሊያኖች እሱን ለማውጣት ከቀይ ባሕር ጠረፍ ወደ ዳሎል አቅጣጫ የባቡር ሐዲድ እስከ መዘርጋት ደርሰው ነበር። ያው ፖታሲየም በኮራል ገንዳ ውስጥ በሊትር 400 ሚሊግራም ያህል ይፈለጋል።

ከባሕር ወለል 100 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ የሚገኘው አፍዴራ ሐይቅ ከባሕር ብዙ እጥፍ ጨዋማ ነው። ሆኖም ዓሣ ይኖርበታል! ዳናኪሊያ ፍራንኬቲ የተባለችው ዓሣ ፍል ውሃዎች በሚገቡበት የሐይቁ ዳርቻ ትኖራለች፤ በዓለም ሌላ የትም የለችም። ኢትዮጵያውያን የሚበሉት ጨው በብዛት የሚመረተው ከዚያው ሐይቅ ነው። በ2011 በወጣ ደንብ እንቅርትን ለመከላከል አዮዲን እንዲጨመርበት ግዴታ ሆነ።

የኮራል ሪፍ የቤተ እስራኤልን ጉዞ እንደሸሸገ ያውቁ ኖሯል? ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ሞሳድ በሱዳን የቀይ ባሕር ጠረፍ፣ አሩስ በተባለ ቦታ፣ የጠላቂ ዋናተኞች መዝናኛ ከፍቶ ነበር። ቀን ቀን እውነተኛ ቱሪስቶች ኮራል ያያሉ። ሌሊት ሌሊት ከስደተኛ ካምፕ የመጡ ወገኖቻችን በጀልባ፣ በኋላም በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ይወጣሉ! መዝናኛው ትርፍ እስከ ማግኘት ደረሰ። በ1985 ተዘጋ። ኮራል ለማየት የመጣው ቱሪስት በአጠገቡ ምን እንደሚካሄድ አያውቅም ነበር! ዛሬ በቂርያት ማላኪ፣ በገደራና በያቭኔ በዚያ ጠረፍ ያለፉ አባቶችና እናቶች አሉ። ልጆቻቸው የቀይ ባሕርን ኮራል ሳሎናቸው ውስጥ ቢያሳድጉ ከዚህ የበለጠ የሚያምር ነገር አላውቅም።

ቀይ ባሕር ቋሚ ወንዝ የማይገባበት ባሕር ነው! በየዓመቱ ከላዩ ሁለት ሜትር ያህል ውሃ ይተናል። የሚተካው በባብ ኤል መንደብ በኩል የሚገባው የሕንድ ውቅያኖስ ውሃ ነው። ስለዚህ ኤይላት ላይ አንድ ኪሎ ውሃ ከ40 ግራም በላይ ጨው ይይዛል። በበረዶው ዘመን የዓለም ባሕር ሲቀንስ ደግሞ 50ን አልፎ ነበር፤ ተንሳፋፊ ጥቃቅን ፍጥረታት ከብዙው ክፍል ጠፉ!

ሬድ ሲ የተባለው ድርጅት ለዓለም የሚሸጠው ጨው መነሻው የዚሁ ባሕር ውሃ ነው! በሰማያዊው ባልዲ ያለው ጨው ሲሟሟ አልካሊኒቲው፣ ማለትም አሲድን የመቋቋም አቅሙ፣ 8 ዲግሪ አካባቢ ነው። ኮራል ፕሮ የሚባለው 12 አካባቢ ይደርሳል። የተፈጥሮ ባሕር 7 ገደማ ነው። ሁለቱም ከአንድ ባሕር፣ ሁለቱም ጨው፣ ግን ሁለት የተለያየ ውሃ! ለለስላሳ ኮራልና ንጥረ ነገሩ ዝቅ ላለ ገንዳ የመጀመሪያው፣ ፈጥኖ ለሚያድግ ድንጋያማ ኮራል ሁለተኛው ይመረጣል። እኔ ለጀማሪ የምመርጠው ለተፈጥሮ ባሕር የቀረበውን ነው፤ ስሕተትን የበለጠ ይታገሣል።

ከአንዱ ባልዲ ወደ ሌላው በአንድ ቀን መዝለል ኮራል ያቃጥላል! ቀስ በቀስ፣ በሳምንታት ይቀይሩ።

ጨው ይጠጣል! ባልዲው ውስጥ ያሉት ማግኒዥየም ክሎራይድና ካልሲየም ክሎራይድ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባሉ። በያቭኔ የበጋ ወበቅ ክዳኑን ከፍተው ከተዉት ዱቄቱ ድንጋይ ይሆናል!

ጨውን ወደ ውሃ ይጨምሩ፤ ውሃን ወደ ጨው በጭራሽ! ገና ጥቂት ውሃ ሲነካው ካልሲየሙና ካርቦኔቱ ተጣብቀው ነጭ ደለል ይሆናሉ። አንዴ ደለል ከሆነ ተመልሶ አይሟሟም። የከፈሉበት ካልሲየም ከባልዲው ሥር ይቀራል!

ውሃ ከገንዳው ሲተን ጨው አብሮ አይሄድም! ስለዚህ የጎደለውን በጨዋማ ውሃ የሚሞላ ሰው ገንዳውን በየቀኑ ወደ ሙት ባሕር ያቀርበዋል። የሚጨመረው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው።

ፒኤች የሚባለው የአሲድነት መለኪያ የተወለደው ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ነው! በ1909 ሶረንሰን የተባለ ኬሚስት ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ላቦራቶሪ አወጣው። ዛሬ ኮራል የሚያሳድግ ሁሉ 8.1 ወይም 8.2 ለማየት ይጓጓል።

የገንዳዎ ፒኤች ቀን ይወጣል፣ ሌሊት ይወርዳል! ኮራሉ ውስጥ የሚኖሩት አልጌዎች በብርሃን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመገባሉ፤ በጨለማ ሁሉም ይተነፍሳል። ጠዋት የለኩትን ከማታው ጋር አያወዳድሩ!

እንግዶችዎ የኮራልዎን ውሃ ይለውጣሉ! በሰንበት ቤቱ በሰው ሲሞላና መስኮት ሲዘጋ ትንፋሹ ይጠራቀማል፤ ውሃውም ይመጠዋል፤ ፒኤቹ ይወርዳል። መድኃኒቱ ምንድን ነው? መስኮት መክፈት! ብዙ ሰው ውድ ጠርሙስ ይገዛል፤ የሚበቃው ግን ነፋስ ነው።

አልካሊኒቲ በጠብታ ይቆጠራል! በትንሽ ብልቃጥ የገንዳ ውሃ፣ አንድ ማቅለሚያ፣ ከዚያ አሲድ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ቀለሙ ድንገት የሚገለበጥበት ጠብታ ቁጥሩን ይነግርዎታል። አንዲት ጠብታ ቀርታ ሰማያዊ፣ አንዲት ጠብታ አልፋ ቢጫ!

ኮራል አጥንት ሲሠራ ሁለት ነገር በማይዛነፍ ልክ ይወስዳል፤ አልካሊኒቲ 2.8 ዲግሪ ሲቀንስ ካልሲየም 20 ሚሊግራም ይቀንሳል! ስለዚህ ፈጥኖ የሚጮኸው አልካሊኒቲ ነው። ካልሲየም ከ400 በላይ ስለሚከማች መጉደሉ ቶሎ አይታይም። በየቀኑ አንድ ነገር ብቻ መለካት ቢፈቀድልኝ አልካሊኒቲን እለካለሁ።

ማግኒዥየም ባይኖር ባሕር ራሱን በራሱ ወደ ድንጋይ ይለውጥ ነበር! በባሕር ውስጥ ካልሲየምና ካርቦኔት ሊረጉ ከሚችሉበት መጠን በላይ አሉ። የሚያግዳቸው ማግኒዥየም ነው። አልካሊኒቲ አልያዝ ሲልዎ መጀመሪያ ማግኒዥየም ይመልከቱ፤ 1,300 አካባቢ መሆን አለበት።

የኖራ ውሃ ለኮራል ምግብ ነው! ግንብ የሚቀባው ኖራ፣ ንጹሑ፣ በጠብታ ሲገባ ካልሲየምና አልካሊኒቲን አብሮ ይሰጣል። ደግሞ ጠባዩ ይገርማል፤ ከሙቅ ውሃ ይልቅ በቀዝቃዛ ውሃ በብዛት ይሟሟል! ነገር ግን ፒኤቹ ከ12 በላይ ነው፤ እጅዎን ያቃጥላል፤ ከልጆች ያርቁት።

ቮድካ ገንዳ ውስጥ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ! ለዓሣው አይደለም። ባክቴሪያዎች አልኮሉን ተመግበው ሲባዙ ናይትሬትና ፎስፌትን ከውሃው ይለቅማሉ። መጠኑ የሚለካው በሚሊሊትር ሲሆን ከበዛ ባክቴሪያው ኦክስጅኑን ጨርሶ ዓሣውን ያፍናል!

የዓለም ላቦራቶሪዎች በጠርሙስ የታሸገ ባሕር ይገዛሉ! ከ1900 ገደማ ጀምሮ መለኪያ መሣሪያዎች የሚስተካከሉበት ደረጃውን የጠበቀ የባሕር ውሃ አለ፤ ለረጅም ጊዜ የኮፐንሃገን ውሃ ይባል ነበር። የእርስዎም የጨዋማነት መለኪያ፣ ሪፍራክቶሜትሩ፣ ያስፈልገዋል! በንጹሕ ውሃ ዜሮ ላይ የተስተካከለ መሣሪያ 35 ላይ ሊዋሽ ይችላል። ጨዋማነቱ 35 በሆነ ውሃ ያስተካክሉት።

ኮራል የጥንት ሙቀት መዝገብ ነው! በአጥንቱ ውስጥ ያለውን ስትሮንቲየም ከካልሲየሙ ጋር አወዳድረው ተመራማሪዎች ከብዙ ዘመናት በፊት ባሕሩ ምን ያህል ይሞቅ እንደነበር ያነባሉ። የጨው ባልዲዎ ላይ በሊትር 8 ሚሊግራም ተብሎ የተጻፈው ያው ስትሮንቲየም ነው።

ኮራል አጥንቱን አውልቆ መኖር ይችላል! ማኦዝ ፋይንና ዳን ቸርኖቭ የተባሉ እስራኤላውያን ሳይንቲስቶች የሜዲትራኒያን ኮራሎችን ፒኤቹ ዝቅ ባለ ውሃ ውስጥ ለአንድ ዓመት አቆዩ። አጥንቱ ሟሟ፤ ኮራሉ ራቁቱን ቀረ፤ አልሞተም! ወደ ተለመደው ውሃ ሲመልሱት እንደገና አጥንት ሠራ። በ2007 ለዓለም ያሳወቁት ይህ ነው። ከኬሚስትሪ ቁጥር ብቻ ሞትና ትንሣኤ!

ኤይላት ሲወርዱ ከባሕሩ ዳር የሞተ የኮራል ስባሪ እንኳ ማንሣት በሕግ የተከለከለ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ገንዳ ለመጀመር ደግሞ አያስፈልግም! ኮራል ጣት በምታህል ቁራጭ ይባዛል፤ ቆርጦ በድንጋይ ላይ የሚያጣብቅ ሌላ አርቢ አይጠፋም። ከእሱ ይውሰዱ። ከመውሰድዎ በፊት ግን ውሃዎን ይለኩ፤ ጨዋማነት 35፣ አልካሊኒቲ 8፣ ካልሲየም 420፣ ማግኒዥየም 1,300። እነዚህ አራት ቁጥሮች ለተከታታይ ሳምንታት ሳይናወጡ ከቆዩልዎ ኮራሉን ያምጡት!